«የት ሄደ?» እያለ ይጠይቀናል፤ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የቢቸና ልጅ ነኝ። አሁን ግን ባሕር ዳር ሆስፒታል ወንድሜን እያስታመምኩ ነው። 26 ዓመቱ ነው። ከአጎታችን ልጅ ጋር በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ አባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ወንድሜ ጭኑና ዳሌው ተሰብሮ፣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ብረት ገብቶለታል። የአጎታችን ልጅ ግን እዚያው ሞተ። ሁለቱ ያደጉት አንድ ቤት ነው።

እስካሁን አልነገርነውም። «አዲስ አበባ ተኝቶ እየታከመ ነው» ብለነዋል። ስልኩን ደብቀንበታል። እናቴ ስትመጣ ጥቁር ነጠላዋን በር ላይ አውልቃ፣ ነጭ ለብሳ ነው የምትገባው። ትናንት ሌሊት «ቦታ ቀይሬው ነበር እኮ። የኔ ቦታ ላይ ነበር የተቀመጠው» አለኝ። ዝም አልኩ። አርባው ሊወጣ 12 ቀን ቀርቶታል። ሽማግሌዎች «ድኖ ቤቱ ሲገባ ይረዳል» ይላሉ። አባቴ ደግሞ ወጌሻ ይየው እያለ ነው። እኔ ደክሞኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። አንቺም እኮ ወንድም ነው ያጣሽው። ለቅሶ ግን አልተቀመጥሽም። ቀን ፈገግ እያልሽ አጥሚት ታጠጪዋለሽ፤ ሌሊት ከአልጋው ሥር ተኝተሽ ሲያቃስት ታዳምጫለሽ። ቢደክምሽ አይገርምም።

ቀጥታ ልንገርሽ። ንገሩት። ቤት እስኪገባ አትጠብቁ፤ ከአርባው በፊት ይወቅ።

ሽማግሌዎቹ ክፉ አልመከሩም። በአገራችን መርዶ ወግ አለው። በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው አጠገብ ቆሞ ነው የሚነገረው። ይህን ወግ ያቆዩልን ሰዎች ድንገተኛ ሐዘን ሰውን እንደሚጥል ያውቁ ነበር። ወጉ ግን ዘመድ እስኪሰበሰብ ለማቆየት ነው እንጂ ለወራት ለመደበቅ አይደለም። የጭን አጥንት እስኪጠግን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። «ድኖ ሲገባ» የምትሉት ቀን ሩቅ ነው።

ደግሞስ ምንም አልጠረጠረም ብላችሁ ነው? «የኔ ቦታ ላይ ነበር የተቀመጠው» ያለ ሰው በልቡ ጠርጥሯል። ስልኩ የለም። ወንድሙ አንድ ቀን እንኳን አልደወለም። ጠያቂው ሁሉ ስሙ ሲነሳ ዓይኑን ይሰብራል። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው የሰው ፊት ነው። እናንተ ያልነገራችሁትን እሱ ሌሊት ሌሊት በራሱ እየሞላው ነው፤ ያውም ብቻውን።

አንድ ታካሚ አስታውሳለሁ። ቤተሰቡ ሁለት ወር ሙሉ የሚስቱን ሞት ደብቆታል። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ አዛውንት ብርቱካን ይዘው ገቡ። የተረዳ መስሏቸው እጁን ያዙና «እግዚአብሔር ያጥናህ ልጄ» አሉት። መርዶው ይኸው ሆነ። ደግፎ የሚይዝ የለ፣ ዘመድ የለ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ማንንም አላመነም። ፊዚዮቴራፒስቷ «ተነስ፣ እግርህን መርገጥ ትችላለህ» ስትለው «እናንተ ሁሉንም ነገር ደህና ነው ነው የምትሉት» አላት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ወንድምሽ ገና በሕመም እየተንቀጠቀጠ እግሩን ማንቀሳቀስ፣ ከዚያም በክራንች መቆም ይጠብቀዋል። ያኔ «አይዞህ፣ ትራመዳለህ» የምትይው አንቺ ነሽ። እንዲያምንሽ ዛሬ እውነቱን ከአንቺ ይስማ።

እንዴት ይነገረው? መጀመሪያ ሐኪሙን አማክሩ። ኦፕራሲዮን ሊገባ ሲል ወይም በማስታገሻ በፈዘዘበት ሰዓት አይሁን። ነርሶቹን ጸጥ ያለ ክፍል፣ ካልተገኘም መጋረጃ ለምኑ። ጠዋት ይሁን፤ ቀኑ ከፊቱ ስላለ ሌሊቱን ወዲያው ብቻውን አይጋፈጥም። ሰው አታብዙ። አንቺ፣ አባታችሁ፣ ከተቻለ የነፍስ አባቱ ይበቃሉ። የሚናገረው እሱ በጣም የሚያምነው ሰው ይሁን።

ቃሉ አጭር ይሁን። «ስለ ወንድምህ ስትጠይቀን ዋሽተንሃል። ሕመምህ ይብስብሃል ብለን ፈርተን ነው። የዚያን ቀን፣ እዚያው መኪናው ጋ ሞቷል።» ያቺን «ሞቷል» የምትለውን ቃል አትዝለሏት። «በጣም ተጎድቶ ነበር...» ብሎ ማንጠልጠል ተስፋ መልሶ መስጠት ነው። ከዚያ ዝም በሉ። እጁን ያዙት። ቢጮህ ይጩህ፤ ቢቆጣችሁም ተቀበሉት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚል ዘመድ ካለ ውጭ ይጠብቅ። የት እንደተቀበረ፣ ማን እንዳለቀሰለት ሲጠይቃችሁ የጠየቀውን ብቻ፣ በእውነት መልሱለት።

የቦታውን ነገር ደጋግሞ ያነሳዋል። «አንተ ምን አጠፋህ፣ የእግዜር ሥራ ነው» ብለሽ ቶሎ አትዝጊበት። እሱን ለማጽናናት ብትይውም፣ እሱ የሚሰማው «ዝም በል» የሚለውን ነው። መጀመሪያ ይጨርስ። ማን ቦታ እንቀያየር እንዳለ፣ ለምን እንደተቀያየሩ ያውራሽ። ምናልባት አንዱ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ፈልጎ ነው፤ ምናልባት ሌላው እንቅልፉ መጥቶ ነው። ታሪኩን ሙሉውን ሲያወራው ያን ጠዋት ማናቸውም የሚሆነውን እንዳላወቁ ራሱ ይደርስበታል። አንድ ቀን አይበቃውም። አሥሬ ቢያወራሽ አሥሬ ስሚው።

ቅዠት፣ መባነን፣ የመኪና ድምፅ ሲሰማ መደንገጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጠበቅ ነው። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ወይም ከበረታበት ግን ለሐኪሙ ንገሩና የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይየው። እናንተም አራት ሳምንት ደርሳችኋል። «እኔ በሞትኩ ይሻል ነበር» ካለ ደግሞ አንድ ቀን አትጠብቁ። «ራስህን ልትጎዳ አስበሃል?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገር።

ስለ ወጌሻው፦ አይሆንም። ብረት የገባለትን አጥንት ማሸት ሊያፈናቅለው ይችላል። ለአባታችሁ ይህን ሐኪሙ ራሱ ቢያስረዳቸው ይሻላል።

አንቺ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሌሊት አልጋ ላይ ተኚ። ጤፉን ለማጨድና ለመውቃት ወንፈል የሚጠራራ ዘመድ ለማስታመምም ተራ ይገባል። ማን የትኛውን ቀን እንደሚያድር በወረቀት ጻፊና ላኪላቸው። እንዲሁ «ብታግዙኝ» ካልሻቸው ሁሉም «እሺ» ይልሽና ማንም አይመጣም።

አርባው ላይ መገኘት ባይችልም ድርሻ ይኑረው። የሚታወስለትን አንድ ነገር ይንገርሽና አንቺ ለዘመድ አድርሺለት። ፍትሐቱን በስልክ ያሰሙት። ስልኩንም መልሱለት፤ ፎቶዎቻቸው እዚያ ውስጥ ናቸው።

እናታችሁም መርዶው ከተነገረው ቀን ጀምሮ ጥቁር ነጠላቸውን ለብሰው ይግቡና አጠገቡ ተቀምጠው አብረውት ያልቅሱ።