የዓሣ ኩሬን እምቦጭ ሲወርረው

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው መርዓዊ አካባቢ ያለህን 10 በ15 ሜትር የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ኩሬ እምቦጭ የተባለው የውሃ ላይ አረም ግማሹን ስለሸፈነው፣ ለጤፍ ማሳህ የገዛኸውን ቱፎርዲ የተባለ የአረም መድኃኒት ትረጭበት እንደሆነ ነው። እባክህ አትርጭ፤ በእጅ አውጣው።

ቱፎርዲ እምቦጭን ይገድላል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከሞተ በኋላ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ እምቦጭ በካሬ ሜትር ከ20 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ያንተ 75 ካሬ ሜትር ቢያንስ 15 ኩንታል ይሆናል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሰምጦ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰውና ዓሣው ታፍኖ ያልቃል። ጭቃ ውስጥ የተቀበረውን ዘር ደግሞ መድኃኒቱ አይነካውም። ከብት ከኩሬው የሚጠጣ ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም።

ረጃጅም ቀርከሃ በደንብ ይንሳፈፋል፤ ከእንጅባራ በኩል አታጣም። ሁለቱን በገመድ አያይዘህ እምቦጩን ወደ አንድ ጥግ ግፋና እንዳይበተን አጥረው። ከዚያ በመንሽ ከነሥሩ እያነሣህ አውጣ። በማጭድ አትቁረጠው። ቅጠሉ ብቻውን አይበቅልም፤ እናቲቱን ከልጆቿ የሚያገናኘው አግዳሚ ግንድ ግን ተቆርጦ ውሃው ላይ ከቀረ ከአንጓው እንደገና ያቆጠቁጣል።

በአንድ ቀን ልጨርስ አትበል። በአራት ከፍለህ በ3 ወይም በ4 ቀን ልዩነት ሥራው፤ ሰው ሲገባበት የሚናጠው ጭቃ ራሱ ኦክስጅን ይሻማል። ጎሕ ሲቀድ ኦክስጅኑ በጣም ዝቅ ስለሚል ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ጀምር፤ በዚያ ቀን መኖም አትስጥ። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው አየር ሲጎርሱ ካየህ ሥራውን አቁመህ አዲስ ውሃ ከከፍታ እያፈሰስህ አስገባ።

የወጣውን ኩሬው ዳር አትከምረው። የተከመረው ቶሎ አይደርቅም፤ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ታጥቦ ይመለሳል። ከኩሬው በታች ባለ ቦታ ሥሩን ወደ ፀሐይ ገልብጠህ ሳሳ አድርገህ አስጣው። ያላበበው ከጭድና ከፍግ ጋር ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል። ሐምራዊ አበባ ያወጣውን ግን ለይተህ፣ ሲደርቅ አቃጥለው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተገላገልሁ ብሎ ይተወዋል፤ ከባዱ ክትትል ግን ገና ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ 15 እና 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የሚበቅለው ብርሃንና ሙቀት በሚያገኝበት ጥልቀት የለሽ ዳርቻ ነው፤ በተለይ በበጋ ውሃው ሸሽቶ እርጥብ ጭቃ ሲቀር። ችግኙ መጀመሪያ እምቦጭ አይመስልም። የሚያወጣው ቀጭን፣ ጠፍጣፋ፣ ሣር መሳይ ቅጠል ነው፤ ጫን ሲሉት ፍስስ የሚለው ያበጠ አንገት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሣር ነው ተብሎ የሚታለፈውም ለዚህ ነው። በየሳምንቱ ዳር ዳሩን ዞረህ ንቀል። ኩሬውን ስታደርቅ ዳርቻውን ቆፍረህ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር አጥልቀው፤ መብቀያ ታሳጣዋለህ።

የእምቦጩን ምግብም ቀንስበት። ክንድህን ቀጥ አድርገህ ውሃው ውስጥ ስትከት፣ ክርንህ ውሃውን ሳይነካ መዳፍህ በአረንጓዴው ውሃ ከተሰወረብህ ፍግ መጨመር አቁም። መኖም እንዲሁ ነው፦ 300 ዓሣ ቢኖርህና እያንዳንዱ 100 ግራም ቢመዝን፣ በቀን ከ600 እስከ 900 ግራም የፉርሽካና የፋጉሎ ድብልቅ ይበቃል። ከዚያ የተረፈው እምቦጩን ነው የሚቀልበው።

ከየት እንደገባብህም አጣራ። ጣና ላይ እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣ የዓሣ ጫጩት ከነውሃው መገልበጥ የለበትም። ዘሩ ጥቃቅን ስለሆነ በቀላሉ ዓይን ውስጥ አይገባም። ጫጩቱ ሲመጣልህ ከነመያዣው ኩሬው ላይ 20 ደቂቃ ያህል አንሳፍፈው፣ ሙቀቱን ይልመድ፤ ከዚያ ጫጩቱን ብቻ በመረብ አንሥተህ ልቀቅና ውሃውን ከኩሬው ርቀህ ድፋ።