የጥላሁንን ዘፈኖች መዝግቤ ድረ ገጽ ላይ ባወጣ ያስጠይቀኛል?

ጥያቄ፦ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈኖች የሚመዘግብ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። የእያንዳንዱን ዘፈን የግጥምና የዜማ ደራሲ፣ ያጀበውን ባንድና የወጣበትን ዓመት እጽፋለሁ። ግጥሞቹን ሙሉ በሙሉ ላስገባ፣ ከአባቴ ካሴቶችና ሸክላዎች የገለበጥኳቸውንም ላስደምጥ አስቤያለሁ። ገንዘብ አላገኝበትም። ሕጉ ምን ይላል? (አድናቂ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ሥራዎ በጣም የሚያስፈልግ ነው፤ ይግፉበት። ድምፃዊውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ግጥም የጻፈለትን ግን ስንቱ ያውቃል?

ስለ ዝርዝሩ አይስጉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 5 ተራ መረጃን ከጥበቃ ውጪ አድርጎታል። ዘፈኑ መቼ ወጣ፣ ማን አጀበው፣ የትኛው ሙዚቃ ቤት አሳተመው የሚለውን ለመጻፍ የማንም ፈቃድ አያስፈልግዎትም።

ጣጣው ያለው ግጥሙና ድምፁ ላይ ነው። አንድ ዘፈን ብዙ ባለመብት አለው። ግጥሙ የገጣሚው፣ ዜማው የዜማ ደራሲው ነው። ድምፃዊው በአዘፋፈኑ፣ አሳታሚው ደግሞ በተቀዳው ድምፅ ላይ የየራሳቸው መብት አላቸው። የጥላሁን ወራሾች ቢፈቅዱልዎት እንኳ ግጥሙ የሌላ ሰው ከሆነ ነገሩ አላለቀም።

ዘመኑም ይለያያል። የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የድምፃዊውና የአሳታሚው ግን ዘፈኑ ከተቀዳበት ወይም ከታተመበት ጀምሮ 50 ዓመት ነው። በ1962 ዓ.ም የታተመ ሸክላ አለዎት እንበል። የተቀዳው ድምፅ የጥበቃ ዘመን አልፏል ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። ገጣሚው ያረፉት በ1990 ከሆነ ግን ግጥሙ እስከ 2040 የወራሾቻቸው ነው። ሸክላውን ሲያስደምጡ ግጥሙንም አብረው እያሰሙ ነው። ስለዚህ "የድሮ ዘፈን ነው" ብለው ብቻ እንዳይለቁት።

"አልነግድበትም" ማለትም አያድንዎትም። አባትዎ ካሴቱን ሲገዙ የዘፈኑን መብት አልገዙም። ለራስዎ ማዳመጫ አንድ ቅጂ መገልበጥ ይፈቀዳል፤ ለሕዝብ መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ካሳ ብቻ ሳይሆን የወንጀል ክስም ሊያመጣ ይችላል።

በሙሉ ግጥሙ ፋንታ አንድ ሁለት ስንኝ ጠቅሰው ስለ ዘፈኑ የራስዎን አስተያየት ይጻፉ። ምንጩንና የደራሲውን ስም እስከጠቀሱ ድረስ አንቀጽ 10 ይህን ይፈቅዳል። መስማት ለሚፈልግ ደግሞ ባለመብቶቹ ራሳቸው የጫኑትን ሊንክ ያስቀምጡለት። የካሴት ሽፋን ላይ ያለው ፎቶና ሥዕልም ባለቤት አለው፤ ስካን አድርገው ከመለጠፍዎ በፊት ይጠይቁ።

በተለይ አደራ የምልዎት ስም ላይ ነው። ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራለት የመጠየቅ መብት አለው። የአንዱን ግጥም ለሌላው ሰጥተው ቢጽፉ ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ የእርስዎን መዝገብ አይቶ ሌላው ይገለብጠዋል። ካሴቱ ላይ የተጻፈውና ሰው የሚያወራው ከተለያየ፣ ሁለቱንም ከነምንጫቸው ያስፍሩ። ወራሾች "ተሳስተሃል" ብለው ማስረጃ ሲያመጡም ቶሎ ያርሙ።

የተወሰኑ ዘፈኖችን የግድ ማስደመጥ ከፈለጉ የየባለመብቱን ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበሉ። ወረቀቱ ላይ የዘፈኑ ርዕስ፣ ኢንተርኔት ላይ እንደሚለቀቅና ለስንት ጊዜ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። የፈረመው ሰው ወራሽ ነኝ ካለ፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃውን ቅጂ አብረው ያስቀምጡ።