የወሎ ዋንዛ ከባሕር ጨው ፊት

ጥያቄ፦ ለቤት ውስጥ ንድፍ ዓምድ አዘጋጅ፤ ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጅቡቲ ከተማ፣ ከባሕሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አሠርቶ የውስጡን ሥራ ለእኔ ሰጥቶኛል። ሳሎኑ በምሥራቅ በኩል ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ስለሆነ ባሕሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሐሳቤ የወጥ ቤቱን ካቢኔትና ቁም ሳጥኖቹን እዚሁ በዋንዛ አሠርቼ በባቲና በሚሌ በኩል በጭነት መኪና መላክ፣ ሳሎኑንም በቀይ ከፋይ ሶፋና በተሸለመ የጂፕሰም ኮርኒስ ማስዋብ ነው። እናታችን በየበጋው እየሄዱ ስለሚሰነብቱ ለሶላታቸውና ለቡናቸው የሚሆን ስፍራም ያስፈልጋል። ወንድሜ ለገንዘቡ አትጨነቂ ብሎኛል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ቤቱ ሳይሰነብት እንዳያረጅ ነው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ቤት (የጣናዋን ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም) ውድ ዕቃ ከርካሹ እኩል ሲያረጅ ደጋግሜ አይቻለሁ። ነፋሱ ከማዕበሉ የሚያነሣው ደቃቅ ርጭት በዓይን ሳይታይ በመስኮት ገብቶ በብረቱ፣ በመስታወቱና በጨርቁ ላይ ያርፋል። ውሃው ተንኖ የሚቀረው ጨው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ያረፈበትን ብረት ዘወትር እንደ ረጠበ ያቆየዋል። ስለዚህ እኔ እርስዎን ብሆን ከሶፋው ቀለም በፊት የማጠፊያውንና የቪቴውን ዓይነት እመርጥ ነበር።

ከዋንዛው ልጀምር። የደሴ ሰው ሐምሌን የሚያውቀው በጉም፣ በጭቃና በጋቢ ነው። ጅቡቲ ላይ ግን ሐምሌ ከምዕራብ፣ ከበረሃው፣ ደረቅና ትኩስ ነፋስ የሚነፍስበት፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍበት ወር ነው፤ አየሩ በእርጥበት የሚሞላው እኛ በጋ በምንለው፣ እናትዎም እዚያ በሚሰነብቱበት ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ነው። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ያብጣል፤ ሲደርቅ በዚያው በወርዱ ይሸሻል። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ በአንድ እንጨት ቤት ያሠራሁት የዋንዛ ቡፌ ወደ ጅቡቲ ተጭኖ ሄደ፤ በጥር ወር መሳቢያዎቹ አብጠው አንዱም አልከፈት አለ። የቤቱ ባለቤት ጠርዛቸውን አስላጉ፤ ሐምሌ ሲደርስ በዚያው ጠርዝ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። አናጺው አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት ለደሴ አየር የሚሆን ልክ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ይህ ሁሉ ዋንዛውን ይተዉት ለማለት አይደለም። ለአናጺው ሲያዝዙ የበሮቹ መካከለኛ ጣውላ በማዕቀፉ ሰርጥ ውስጥ ሳይጣበቅ ልቅ ሆኖ እንዲገባ፣ ግራና ቀኙም ጥቂት ሚሊ ሜትር መላወሻ እንዲኖረው ይንገሯቸው፤ በኮላ ከተጣበቀ መሰንጠቁ አይቀርም። ቀለሙ ወይም ቫርኒሹ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንና የውስጥ ገጹን እኩል ይሸፍን፤ ጀርባው ሳይቀባ የቀረ በር እርጥበቱን በአንድ ወገን ብቻ ስለሚጠጣ ይጣመማል። የሚሌን ሐሩር አልፎ የደረሰውን እንጨት በማግስቱ መግጠም አይገባም። ጥቅሉ ተፈትቶ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይክረምና መሳቢያው ከዚያ በኋላ ይስተካከል። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት በኮላ የተጨመቀ ሰሌዳ) እንዳያስገቡ፤ አንድ ጊዜ ውሃ ከጠጣ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል።

ማጠፊያ፣ መያዣና ቪቴን በተመለከተ ሻጮች ሁሉንም «እስቴንለስ ስቲል ነው» ይላሉ። በገበያ የተለመደው 304 የሚባለው ዓይነት በባሕር አጠገብ ጥቂት ወራት ሲቆይ የሻይ ቀለም የመሰለ እድፍ ያወጣል፤ ለጨው የሚሻለው ሞሊብዲነም የሚባል ብረት የተጨመረበት 316 ነው። ሁለቱን በዓይንም በማግኔትም መለየት ስለማይቻል ከአስመጪው የምርቱን ማረጋገጫ ወረቀት ይጠይቁ። ዋጋው ይበልጣል፤ ሆኖም በነጭ በር ላይ ከዝገት የሚወርድ ቡናማ መስመር ካዩ በኋላ የዋጋው ልዩነት ትዝ አይልዎትም።

ጂፕሰሙን በሚመለከት ሐሳብዎን ብዙም አልደግፍም። ደሴ ውስጥ በየሳሎኑ የምናየው ባለ ብዙ እርከን፣ በቀለማት መብራት የተሸለመ ኮርኒስ ለደረቅ ጣሪያ የታሰበ ነው። እርጥብ አየር በአየር ማቀዝቀዣ የበረደ ገጽ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ውሃውም በየእርከኑ ጥግ ሻጋታ ያበቅላል፣ ከጀርባው ያለውን የብረት ማሰሪያም ያዝገዋል። እርጥበት የሚቋቋመው ዓይነት ቦርድ ተመርጦ፣ ጣሪያው ዝርግ ሆኖ፣ ነጭ ተቀብቶ ቢቀር ከባሕሩ ጋር አይሻማም።

ከፋይም እንዲሁ ጨውን፣ ላብንና አሸዋን በጸጉሩ ውስጥ ይይዛል፤ ቀዩ ቀለም ደግሞ ከምሥራቁ መስታወት ፊት ቶሎ ይገረጣል። ሶፋው ወልቆ የሚታጠብ የጥጥ ልብስ ይኑረው፤ ልብዎ ከቀዩ ካልተለየ ከፋዩን ለትራሶቹ ያድርጉት። ለወለሉ ያልተወለወለ ሴራሚክ ይበቃል፤ በመግቢያው ግን ከባሕር የሚመጡ ልጆች አሸዋውን የሚታጠቡበት ቧንቧና ዝቅተኛ መቀመጫ አይርሱ።

መስታወቱን ከውስጥ በወፍራም መጋረጃ መሸፈን ፀሐይዋን ከገባች በኋላ መከልከል ነው። ጥላው ከውጭ መምጣት አለበት። ጅቡቲ ውስጥ ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል በነበረው ስፍራ ዙሪያ ያሉትን ነጫጭ፣ ባለ ቅስት በረንዳ ቤቶች ወንድምዎ ሳያውቋቸው አይቀሩም፤ ግድግዳቸው ፀሐይን በቀጥታ አያገኝም። ሰፊ በረንዳ ወይም ከውጭ የሚዘጋ ባለ ዝርዝር መከለያ ቢጨመር የአየር ማቀዝቀዣው ድካም ይቀንሳል፤ የመብራት ሂሳቡም እንዲሁ።

የእናትዎን ስፍራ በመጨረሻ ያነሣሁት ለብቻው ሊታሰብበት ስለሚገባ ነው። ከኮምቦልቻ ቂብላ (ለሶላት የሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ) በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፤ ከጅቡቲ ግን ከሰሜን ወደ ምዕራብ በመጠኑ ያዘነብላል። ስለዚህ ሶላት የሚሰግዱበት ምንጣፍ ከግድግዳው ጋር እኩል ተነጥፎ እንዳይቀር አቅጣጫው ቤቱ ውስጥ ተለክቶ ወለሉ ላይ በቀጭን የሴራሚክ መስመር ምልክት ይደረግበት። ምንጣፉ ከሱፍ ይልቅ ጥጥ ቢሆን ይሻላል፤ ሱፍ በዚያ ሙቀት ይከብዳል፣ ብልም ይወደዋል። ቡናው ደግሞ ከሳሎኑ መስታወት ውጭ፣ በበረንዳው ጥላ ሥር ይሁን፤ በተዘጋና በአየር ማቀዝቀዣ በሚበርድ ክፍል የከሰሉ ጭስ ለጤና አደገኛ ነው፣ የዕጣኑም ሽታ ከሶፋው አይለቅም። ረከቦቱን፣ ጀበናውንና ዱካውን ከዚሁ ይላኩላቸው።