ስለ ጥቃቅን ዶቃ ሥራ ለጠየቁት እኅት

የተከበሩ እኅቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመርካቶ አንድ ከረጢት የተደባለቀ ጥቃቅን ዶቃና የናይሎን ክር ገዝተው፣ በቪዲዮ ያዩትን አምባር ሦስት ጊዜ ሞክረው፣ ሦስቱንም ጊዜ እየተጣመመ እንዳስቸገረዎት ጽፈዋል። በመጨረሻም ይህ ሥራ የተለየ እጅ የሚጠይቅ እንደሆነና በትንሽ ገንዘብ ከምን መጀመር እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ ይህን ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ መተዳደሪያዬ ሳይሆን የምሽት ሥራዬ ነው። የላኩትን ፎቶ አተኩሬ እንዳየሁት፣ አምባሩን ያጣመመው እጅዎ ሳይሆን ዶቃው ነው።

በፎቶው ላይ አንዱ ዶቃ ወፍራም፣ ጎኑ ያለው ደግሞ የእሱን ግማሽ የሚያህል ነው። ዶቃ በዶቃ ላይ ተደግፎ በሚቆምበት ስፌት አንድ ወፍራም ዶቃ ከገባ ያ ረድፍ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ቀጭኑ በገባበት በኩል ደግሞ ክፍተት ይፈጠራል፤ ከዚያ በኋላ ክሩን የቱንም ያህል ቢያጠብቁት ጠርዙ ቀጥ ሊል አይችልም። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ይህን ባለማወቄ ጥፋቱን ሁሉ በራሴ ላይ ስጭን ከርሜ ሥራውን ልተወው ደርሼ ነበር። በዚህ ምክንያት የተዉት ብዙዎች ይመስሉኛል፤ ይህም ከልብ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ገንዘብዎን በሙሉ በዶቃው ጥራት ላይ ያውሉት፤ ዓይነቱ ግን ሁለት ቀለም ብቻ ይሁን። የዶቃው መጠን በከረጢቱ ላይ 6/0፣ 8/0፣ 11/0፣ 15/0 እየተባለ ይጻፋል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዶቃው እያነሰ ይሄዳል። 8/0 የሚባለው ወደ 3 ሚሊሜትር፣ 11/0 ደግሞ ወደ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው የቪዲዮ ትምህርት በ11/0 የሚሠራ ቢሆንም፣ ለጀማሪ ዓይንና ጣት 8/0 እጅግ ይሻላል። እንደ ሚዩኪና ቶሆ ያሉት የጃፓን ዶቃዎች መጠናቸው እርስ በርሱ የተስተካከለ፣ ቀዳዳቸውም ሰፋ ያለ ስለሆነ ክር ደጋግሞ ለማሳለፍ ይመቻሉ። የቼክ ዶቃም መልካም ነው፤ ነገር ግን ጠፍጠፍ ያለና መጠኑ በጥቂቱ የሚለያይ በመሆኑ ከመስፋትዎ በፊት መልቀም ያስፈልገዋል። እኔ የመጀመሪያውን ጥሩ ዶቃ ያገኘሁት ከውጭ አገር በመጣ ዘመድ እጅ ነው፤ 10 ግራም ነጭና 10 ግራም ቀይ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ ለአንድ አምባር በቅተው ተርፈዋል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። በሁለተኛው ዓመቴ ለእንቁጣጣሽ ለአክስቴ ደማቅ ቀይ ሐብል ሠርቼ ሰጠኋቸው፤ በበዓሉ ዕለት በላብ ምክንያት ቀለሙ ለቅቆ ነጩን የአበሻ ቀሚሳቸውን አንገቱ ዙሪያ አበላሸው። እስካሁን ድረስ ባስታወስኩት ቁጥር ይቆጨኛል። የዶቃው ቀለም ከመስታወቱ ውስጥ የወጣ ሳይሆን ከላዩ የተቀባ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዶቃ በገዛሁ ቁጥር ጥቂት ፍሬ ወስጄ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በነካ ጥጥ አሸዋለሁ፤ ሌላ ጥቂት ፍሬ ደግሞ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ግማሹን ሸፍኜ ለሁለት ሳምንት አስቀምጣለሁ። ጥጡ ከቀላ ወይም የተሸፈነውና ያልተሸፈነው ከተለያየ፣ ያን ዶቃ ለስጦታ አላውለውም።

ክርን በተመለከተ፣ የገዙት ነጠላ የናይሎን ክር ዓሣ ማጥመጃ ዓይነቱ ከሆነ ይተዉት፤ ግትር ስለሆነ እንደተጠቀለለ መቅረት ይወዳል፤ ቋጠሮም አይዝለትም። ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደውን የናይሎን ክር ያግኙ፤ ከመስፋትዎም በፊት በእጅዎ ሳብ ሳብ አድርገው ያርዝሙት፤ አለበለዚያ አምባሩ ካለቀ በኋላ ክሩ ራሱ እየላላ ይሄዳል። ቀጥሎ በሰም ይሹት። እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን፤ ንጹሕ የንብ ሰም በቀላሉ እናገኛለን፤ የጧፍ ቁራጭም ከእውነተኛ ሰም የተሠራ ከሆነ ያገለግላል። የሱቅ ሻማ ግን እየተፈረፈረ ቀዳዳውን ስለሚደፍን አይሞክሩት። መርፌው ዓይኑ ከግንዱ የማይሰፋ፣ ረጅምና ቀጭን የዶቃ መርፌ ይሁን፤ ለ8/0 ዶቃ 10 ቁጥር ይበቃል። ዶቃውን በሳሕን ሳይሆን በወፍራም የብርድ ልብስ ቁራጭ ላይ ቢያፈሱት አይንከባለልም።

አሁን ወደ ስፌቱ ልምጣ። ብዙዎች ጀማሪን በዶቃ መሸመኛ ያስጀምራሉ። እርግጥ ነው፣ ሸማኔ ሲሠራ አይቶ ላደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፦ ድሩ ይወጠራል፣ ማጉ ዶቃውን ይዞ ከድሩ ሥር ያልፋል፣ ከዚያም በላይ በኩል ይመለሳል። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው፤ ወርዱ 11 ዶቃ ለሆነ አምባር 12 የድር ክር ያስፈልጋል፤ የእነዚያን ሁሉ ጫፍ በሁለቱም ወገን መሸሸግ ለጀማሪ አድካሚ ነው። ስለዚህ በአንድ መርፌና በአንድ ክር በሚሠራው ፔዮቲ በሚባለው ስፌት ይጀምሩ።

አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክር ይቁረጡ፤ 20 ሳንቲሜትር ጅራት ይተዉለት። ከነጭ ጀምረው አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ እያደረጉ ስድስት ዶቃ ይስኩ፤ የመጨረሻው ቀይ ይሆናል። ቀጥሎ አንድ ቀይ ያንሱና ያንን የመጨረሻውን ቀይ ዘልለው ከእሱ ቀጥሎ ባለው ነጭ ውስጥ መርፌውን መልሰው ያሳልፉ። እንዲህ እያደረጉ ሦስት ቀይ ሲያስገቡ ክሩ በመጀመሪያው ነጭ በኩል ይወጣል። ከዚያ ያዙሩትና አሁን ነጭ እያነሱ፣ ጎልተው በቆሙት ቀዮች ውስጥ ያሳልፉ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ቀይ ባነሱ ጊዜ በነጭ ውስጥ፣ ነጭ ባነሱ ጊዜ በቀይ ውስጥ። ቀለሙ ከተዛባ ስሕተቱን ወዲያው ያዩታል። አምባሩም ቀጥ ያለ የቀይና የነጭ መስመር ይዞ ይወጣል።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሥራው ሁሉ በጣትዎ መካከል እየተጠማዘዘ ያስቸግራል። ይህ ለሁላችንም የሚሆን ነው፤ ለመተው ምክንያት አያድርጉት። ጅራቱን በትንሿ ጣትዎ ላይ ጠምጥመው ይያዙ፤ አምስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ራሱ ይጸናል። መርፌው አልገባ ካለ በጉልበት አይግፉት፤ ዶቃው ይሰበርና መስታወቱ ክሩን ይቆርጠዋል። ስሕተት ካገኙም መርፌውን አውጥተው እስከዚያ ቦታ ድረስ ይተርትሩት። እኔ የመጀመሪያውን አምባር አራት ጊዜ ተርትሬዋለሁ፤ እጄ ክሩን ምን ያህል ማጥበቅ እንዳለበት የተማረው በዚያ ትርተራ ነው።

ቤተሰብዎ ዶቃ ሲሰኩ ማየት ደስ እንዳላላቸውም ጽፈዋል። ጨሌ ከዛር ጋር ስለሚያያዝ በእኔም ቤት እናቴ በመጀመሪያ ዶቃ ስሰካ ሲያዩኝ ደስ አላላቸውም ነበር። የነጠላቸውን ጥለት በካሬ ወረቀት ላይ ገልብጬ በ11/0 አምባር አድርጌ ባሳየኋቸው ጊዜ ግን ሐሳባቸው ተለወጠ፤ ዛሬ የየትኛው ጥለት ቀለም እንደሚያምር የሚመርጡልኝ እርሳቸው ናቸው።

በእጅዎ ያለውን የተደባለቀ ዶቃም አይጣሉት። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች በፍየል ቆዳ ላይ ዶቃና ዛጎል ሲሰፉ፣ የዶቃውን መለያየት ቆዳው ይሸከመዋል፤ አንዱ ዶቃ በሌላው ላይ ስለማይደገፍ መጠኑ እኩል መሆን አይጠበቅበትም። እርስዎም በቁራጭ ቆዳ ላይ ቢሰፉት ወይም ብዙ ዘርፍ ላለው ሐብል ቢሰኩት ያምራል። አዲሱን ዶቃ ሲያገኙ ስድስት ረድፍ ብቻ ሠርተው የጠርዙን ፎቶ እዚህ ይለጥፉልን፤ ክሩ የላላ ወይም የጠበቀ መሆኑን ከዚያ አይቼ እነግርዎታለሁ።