ጥያቄና መልስ፦ ወታደር ለምን የናፍጣ ምትክ ይፈልጋል? ለኛስ ምን ይጠቅመናል?

(ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከደብረ ብርሃን፦ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለባዮፊውል (ከዕፅዋት ዘይት ወይም ከሞራ ለሚሠራ ነዳጅ) ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰው ለአየር ንብረት አስቦ ነው?

መልስ፦ እሱም ተብሏል፤ ወታደሩን ይበልጥ ያስጨነቀው ግን የነዳጁ ምንጭና ዋጋ ነው። በ2012 ለአንድ የባሕር ልምምድ ብቻ 450,000 ጋሎን ባዮፊውል በ12 ሚሊዮን ዶላር ገዙ፤ ጋሎኑ 26 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ከተለመደው ነዳጅ ጋር እኩል በእኩል ቀላቀሉት፣ የአገሪቱ ምክር ቤትም በዋጋው ጮኸባቸው። በ2016 ከከብት ሞራ የተሠራውን 10 በመቶ ብቻ ቀላቅለው ጋሎኑን በ2.05 ዶላር አገኙት። ከዋጋው ይልቅ እኔን የማያሳምነኝ ሌላ ነው፦ ባዮፊውልም ቢሆን በቦቴ መጫኑ አይቀርም። አፍጋኒስታን ውስጥ ወታደር ያስጨረሰው ደግሞ የቦቴው መንገድ ነበር። የጦሩ ጥናት በ2007 መረጃ ሲያሰላ፣ በየ24 የነዳጅ አጀብ አንድ ሰው ይሞት ወይም ይቆስል ነበር።

ከሸዋ ሮቢት፦ እዚህ ቆላው ላይ ጃትሮፋ የሚባለው ዘይታማ ፍሬ ያለው ቁጥቋጦ ይበቅላል። ፍሬውን ጨምቀን ጄኔሬተር ውስጥ ብንጨምረውስ?

መልስ፦ ጥሬውን አይሞክሩት። ከናፍጣ አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚወፍር ነዳጁን የሚረጨው ኖዝል በደንብ አይበትነውም፤ ሳይቃጠል የቀረው ካርቦን ሆኖ የፒስተን ቀለበት ላይ ይጋገራል። በሜታኖልና በኮስቲክ ሶዳ ተሠርቶ ባዮዲዝል ከሆነ ይሠራል። ወታደሮቹ የሚጠቀሙት ከዚህም የተለየ ነው፤ ዘይቱን በሃይድሮጅን አጣርተው ኦክስጅኑን ያወጡለታል፣ ስለዚህ ሞተሩም ቱቦውም ሳይቀየር ይሠራል። ይህ የፋብሪካ ሥራ ነው። ፋጉሎውን ለከብት እንዳትሰጡ፣ መርዝ ነው።

ከመሃል ሜዳ፦ ባዮዲዝል የመንዝን ብርድ ይችላል?

መልስ፦ እንደ ምንጩ ነው። የሞራው ገና ከ10 ዲግሪ በላይ እያለ ይደፈርሳል፤ የጎመን ዘሩ ከዜሮ በታች ትንሽ ይታገሣል። ሌሊት ሰም ይሠራና ጠዋት ፊልትሮውን ይደፍናል፣ ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። ከናፍጣ ጋር ስትቀላቅሉት ከ5 በመቶ ጀምሩ፣ ከ20 አትለፉ። የሰልባትዮውን አሮጌ ቆሻሻ አጥቦ ስለሚያመጣ መለዋወጫ ፊልትሮ አይለያችሁ። ውኃም ይስባል፤ ከማጠራቀሚያው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ በየሳምንቱ አፍስሱ። ከስድስት ወር በላይ አታስቀምጡት።

ከደብረ ሲና፦ ለ300 ዋት ዕቃ 5 ኪሎዋት ጄኔሬተር ሌት ተቀን እናስነሣለን። ነዳጁ ጨረሰን።

መልስ፦ ጭነቱ አንሶበት ነው። ከ30 በመቶ በታች ሲሠራ ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይነድም፤ ጭስ መውጫው ላይ ጥቁር ቅባት ካያችሁ ምልክቱ እሱ ነው። የአሜሪካ ማሪኖች በ2010 አፍጋኒስታን፣ ሄልማንድ ላይ የሬዲዮ ባትሪ በሚታጠፍ ሶላር መሙላት የጀመሩት የሚጓጓዘውን ነዳጅና ባትሪ ለመቀነስ ነው። የእናንተ ፍጆታ በቀን 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለታርማበር ጉም ሦስት የፀሐይ ሰዓት ብቻ ያዙ፣ ሩቡ በመንገድ ይባክናል፤ ስለዚህ 3.2 ኪሎዋት ፓነል ያስፈልጋል። ለ12 ሰዓት ሌሊት 4.5 ኪሎዋት ሰዓት የሊትየም ባትሪ፣ የአሲድ ባትሪ ከሆነ 7.2። ጄኔሬተሩን አትሽጡት፤ ጉሙ ሲበረታ በ70 በመቶ ጭነት አስነሥታችሁ ባትሪውን ሙሉበት።