ከእድር ስብሰባ በኋላ የተጠየቁ ጥያቄዎች፦ ስለ ወባ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ዝሆኔና ስለ ሴል

የምሠራው የሕክምና ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ የምኖረው ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም። ባለፈው እሁድ ከእድር ስብሰባ በኋላ «ስለ በሽታና ስለ አዳዲስ ምርምር ያላችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ስለበዛ፣ በቃል የመለስኩትንም ያልደረስኩበትንም እዚህ ጽፌዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት አላዝም። ናሙናው ውስጥ ምን እንደምንፈልግና ለምን እንደምንፈልገው ግን በደንብ ልነግራችሁ እችላለሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሹፌር ነው። ከመተሃራ ሲመለስ አተኮሰው። ጣቱን ወግተው በካሴቷ፣ በፈጣን መመርመሪያዋ ሲመረምሩት «ወባ የለም» አሉት። በማግሥቱ ሌላ ቦታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወባ ተገኘ። የቱን እንመን?

መልስ፦ እህቴ፣ ማይክሮስኮፑን እመኑ። ካሴቷ ያጣችበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል። ተውሳኩ ገና ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ካሴቷም ሙቀት ላይ ተቀምጣ ተበላሽታ ሊሆን ይችላል። አንዱ ምክንያት ግን እኛን ላብራቶሪ ውስጥ ያለነውን በጣም የሚያሳስበን ነው።

ብዙዎቹ ካሴቶች ፋልሲፓረም የሚባለውን ገዳይ የወባ ዓይነት የሚለዩት ኤችአርፒ 2 በተባለ ፕሮቲን ነው። ተውሳኩ ይህን ፕሮቲን ደም ውስጥ ይለቃል። ካሴቷ ላይ ያለው አንቲቦዲ ሲይዘው መስመሩ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ፔሩ ውስጥ፣ ፕሮቲኑን የሚሠራውን ጂን ጨርሶ የጣሉ ተውሳኮች እንዳሉ ተዘገበ። ሰውን በኮፍያው ብቻ ለይቶ እንደመፈለግ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ከመጣ አጠገባችሁ ቆሞም አታውቁትም። ነገሩ ፔሩ ብቻ አልቀረም። ኤርትራ ውስጥ በብዛት ተገኘ። በእኛ አገር በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ የተሠራ ትልቅ ጥናትም በ2021 ታትሟል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ በዚህ ምክንያት ከ100 የፋልሲፓረም ሕሙማን 5ቱ ካመለጡ መመርመሪያው ይቀየር ይላል። የእኛው ጥናት ግምት ወደ 10 የተጠጋ ነበር።

ለምን ተስፋፋ? ጂኑ ያለው ተውሳክ ይገኛል፣ ታካሚው መድኃኒት ይወስዳል፣ ተውሳኩ ይሞታል። ጂኑን የጣለው ግን ሳይታይ ያልፋል፤ ትንኝ ወደ ሌላ ሰው ታሻግረዋለች። ምርመራችን ራሱ የማይታየውን እየመረጠለት ነው ማለት ነው። መውጫው ሌላ ፕሮቲን መፈለግ ነው። ኤልዲኤች የተባለውን የሚለዩ ካሴቶች አሉ። ይህን ፕሮቲን ተውሳኩ ከስኳር ኃይል ለማግኘት ስለሚጠቀምበት እንደዚያኛው በቀላሉ ሊጥለው አይችልም።

ስለዚህ ከቆላ ተመልሶ ያተኮሰው ሰው የት እንደነበር ሳይጠየቅም ይናገር። ካሴቷ «የለም» ብላ ትኩሳቱ ካልለቀቀው «ብለድ ፊልም ይታይልኝ»፣ ማለትም ደሜ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ ይበል። ይህን መጠየቅ መብቱ ነው።

ጥያቄ፦ እኔስ ታክሜ ድኜ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሰፈር ሳልወጣ ወባው ተመልሶ መጣ። እዚህ ደጋ ላይ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከራስህ ጉበት ሊሆን ይችላል፣ ወንድሜ። ቫይቫክስ የተባለው ወባ የተወሰኑ ሴሎቹን ጉበት ውስጥ ያስተኛል። ደሙ ቢጸዳም እነዚያ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይተው ይነሳሉ። የተኙትን ለመግደል ፕሪማኪን የሚባል ክኒን አለ፤ በብዛት ለ14 ቀን ይሰጣል። ብዙ ሰው ትኩሳቱ ሲለቀው ያቋርጠዋል። አታቋርጡት! ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ግን መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴላቸውን ሊያፈርስ ስለሚችል፣ በሐኪም ትእዛዝ እንጂ ከጎረቤት ተቀብሎ አይወሰድም።

ጥያቄ፦ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም ሮቶና በርሜል አለን። ለወባ ያጋልጠናል?

መልስ፦ ሰፈራችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ቅዝቃዜው ይከላከልልናል። ሆኖም ስቴፈንሲ የተባለች የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታለች። እሷ እንደ ነባሮቹ ኩሬ አትጠብቅም፤ ከተማ ውስጥ በሮቶና በበርሜል ውሃ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። ክዳኑን ግጥም አድርጉት።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመቷ ልጄ ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ልትወስድ ነው። መሃን ያደርጋል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም፣ እናቴ። ይህ ወሬ ልጆችን እየጎዳ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ይህን ያሳዩት ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ዓይነት 16 እና 18 ብቻ ከ100 የማህፀን በር ካንሰር 70 ያህሉን ያመጣሉ። ሴሎቻችን ውስጥ ፒ53 የሚባል ፕሮቲን አለ። የሴሉ ዲኤንኤ ሲበላሽ መባዛቱን ያስቆማል፤ ካልሆነም ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ቫይረሱ ኢ6 በተባለው ፕሮቲኑ ይህን ጠባቂ ያስፈርሳል። ኢ7 በተባለው ደግሞ ሌላውን የመባዛት ልጓም ይፈታል። ከዚያ ሴሉ የተበላሸ ዲኤንኤውን ይዞ ዝም ብሎ ይባዛል። ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይወስዳል።

ክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ ቅርፊት ፕሮቲን ብቻ ነው። የቫይረሱ ዲኤንኤ የለበትም፤ ኢ6 እና ኢ7ም የሉበትም። ስለዚህ በሽታውን ሊያመጣ አይችልም፤ ማህፀንንም እንቁላልንም አይነካም። መሃንነትንስ የሚያመጣው ካንሰሩ ራሱና ሕክምናው ነው። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሰጠ ነው። ቶሎ መስጠቱ የሚጠቅመው ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ነው። ልጅዎን ያስከትቧት።

ጥያቄ፦ የኤችአይቪ ክትባት ተገኘ፣ በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ ክትባት አይደለም፣ እንዳይያዙ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ሌናካፓቪር ይባላል። የቫይረሱን የዘር ቅጂ የሚሸፍነውን የፕሮቲን ቅርፊት ይይዝና በወጉ እንዳይገጠምም እንዳይፈታም ያደርገዋል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገው ሙከራ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዷም አልተያዘችም። ይህ በ2024 የተነገረ ውጤት ነው፤ ስሰማው በጣም ነው የተደሰትኩት። ክትባት ሰውነትን ያስተምራል። ይህ ግን የሚሠራው ሰውነት ውስጥ እስካለ ድረስ ስለሆነ መርፌው በየ6 ወሩ ይደገማል።

ጥያቄ፦ ለጉልበቴ ሕመም «የስቴም ሴል ክኒን» ግዛ እያሉኝ ነው። ዋጋው ብዙ ነው።

መልስ፦ አባቴ፣ ገንዘብዎን ይያዙ። የተዋጠ ሴል ጨጓራና አንጀት ውስጥ እንደማንኛውም ምግብ ይፈጫል። ሕያው ሴል በደረቅ ክኒን አይመጣም። የስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል፣ ምርምር እውነተኛና ትልቅ ነው፤ በክኒን የሚሸጥልዎት ነገር ግን ከእሱ ጋር አይገናኝም። ጉልበትዎን የአጥንት ሐኪም ይይልዎት።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ የጎጃም ልጅ ነው። አባቱ የእግር ዝሆኔ አለባቸው። ቤተሰቤ «በዘር ይመጣል፣ ይቅርብሽ» አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ በሰው ፊት ማንሳትሽ ድፍረት ይጠይቃል። አንዱ ዓይነት ዝሆኔ በትንኝ በሚተላለፍ ትል ይመጣል። ደጋ ላይ የምናውቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ምክንያቱ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት መሄድ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ ገብተው ሊምፍ የሚባሉትን የሰውነት ፈሳሽ መመለሻ ቱቦዎች ያስቆጣሉ፣ ያጠቧቸዋል፤ ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል።

ቤተሰቦችሽ የያዙት አንድ እውነት አለ። አንድ አፈር ረግጠው አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ወላይታ ላይ የተሠራ ጥናት ኤችኤልኤ በሚባሉት ጂኖች አካባቢ ልዩነት አገኘ። እነዚህ ጂኖች ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይባቸው ናቸው። ስለዚህ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፤ በሽታው አይወረስም። ተጋላጭ የሆነ ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ አይታመምም።

አባቱም ሊረዱ ይችላሉ። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ እንዳሳየው፣ በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ እግሩ እየተቆጣ አልጋ ላይ የሚጥልባቸውን ቀናት ይቀንሳል። ለእጮኛሽ ይህን ንገሪው፤ ዛሬውኑ ሊጀምሩ ይችላሉ። ቤተሰቦችሽ ደግሞ ከእኔ መስማት ከፈለጉ ቤታችሁ መጥቼ አስረዳለሁ።