ሴቶቹ ስንት ናቸው? ወንዶቹስ?
ልጆቼ፣

ውጥረት፣ የድብርት መድኃኒትና የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በሚገናኙበት መስክ ልትመራመሩ ተነሥታችኋል፤ ደስ ብሎኛል። ውጤታችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ግን መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ከላይ ያሰፈርኩትን ነው።

ድብርት በሴቶች ላይ ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይታያል። የገዛ ሰውነትን የሚያጠቃ የመከላከያ ሥርዓት ሕመም ካለባቸውም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ሴቶች ለክትባት የሚሰጡት ምላሽም ባብዛኛው ይበረታል። ለዚህ የመከላከያ ልዩነት አንዱ ምክንያት ሴቶች ሁለት፣ ወንዶች አንድ የሚይዙት ኤክስ ክሮሞዞም ነው፤ በርካታ የመከላከያ ጂኖችን ይዟል። በሴት ሕዋስ ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ዝም ቢሰኝም ቫይረስን የሚለየው ቲኤልአር7 የተባለው ጂን በአንዳንድ ሕዋሳት ከዝምታው ያመልጣል። በወንዶች የሚበዛው ሆርሞን ቴስቶስትሮን ባብዛኛው የመከላከያውን ምላሽ ያለዝባል። በሴቶች የሚበዛው ኢስትሮጅን ግን እንደ መጠኑ ያበረታል፣ ይገታልም፤ «ኢስትሮጅን መከላከያን ያጠናክራል» ብሎ የሚያልፍ ጽሑፍ ስታዩ ጠርጥሩ።

ውጥረት ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን ያወጣል፤ ኮርቲዞል ብግነትን፣ ማለትም የመከላከያ ሥርዓቱ የሚያስነሣውን ቁጣ፣ ያበርዳል። ውጥረቱ ሲሰነብት ግን የመከላከያ ሕዋሳቱ ለኮርቲዞል ጆሮ መስጠት ይተዋሉ፤ ሆርሞኑ እያለ ብግነቱ ይቀጥላል። መድኃኒቱም ቢሆን አንጎል ውስጥ ብቻ አይሠራም፤ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የተባሉት የድብርት መድኃኒቶች የሚዘጉት የሴሮቶኒን (የነርቭ መልእክት አድራሽ ኬሚካል) አጓጓዥ ደም በሚያረጋው ፕሌትሌትና በመከላከያ ሕዋሱ ሊምፎሳይት ላይም አለ።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ሙከራው ለዓመታት በወንድ አይጦች ላይ ነበር። «የሴቷ የሆርሞን ዑደት ውጤቱን ያዘበራርቃል» ይባል ነበር። ሲለካ ግን የሴቶቹ አይጦች ውጤት እርስ በርስ መለያየት ከወንዶቹ በልጦ አልተገኘም። (አብረው የሚኖሩ ወንድ አይጦችም በአለቅነት ሲጣሉ ሆርሞናቸው ይለዋወጣል፤ ይህ ግን እንደ ችግር ብዙም አልተቆጠረም።) በሰው ላይም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1977 መውለድ የሚችሉ ሴቶችን ከመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች አስወጥቶ ነበር፤ መመሪያውን የቀየረው በ1993 ነው።

ዛሬ ያለው ወጥመድ ሌላ ነው፤ እናንተንም የሚይዛችሁ እሱ ነው። ሴቶችንና ወንዶችን ታስገባላችሁ፣ ለየብቻ ትመረምራላችሁ፣ ከዚያ «በሴቶች ለውጡ በስታትስቲክስ ጉልህ ነው (በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም)፣ በወንዶች ግን አይደለም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በጾታ ይለያያል» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ይህ አይሆንም። 60 ሴቶችና 20 ወንዶች ብትይዙ፣ የሁለቱ ለውጥ ፍጹም አንድ ቢሆን እንኳ ወንዶቹ በማነሳቸው ብቻ ከዚህ የጉልህነት መለኪያ በታች ሊወድቁ ይችላሉ። መፈተን ያለበት በሁለቱ ለውጦች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ነው። ለዚያ የሚበቃ የሰው ቁጥር ደግሞ ከመጀመሪያው ይታሰባል፤ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ አይፈለግም። የሰውነት ክብደትን፣ ሲጋራን፣ የወሊድ መከላከያ ክኒንን፣ ማረጥን መዝግቡ። ስብ ራሱ ኢንተርሉኪን-6 የተባለውን የብግነት መልእክተኛ ያመነጫልና ክብደትን የዘነጋ ጥናት የጾታ ልዩነት ያገኘ ይመስለዋል።

ልዩነቱ እውነት ሆኖ ቢገኝም ርእሳችሁን በጥንቃቄ ጻፉ። የአንድ ሳይቶካይን (እንደ ኢንተርሉኪን-6 ያለ የመከላከያ ሕዋሳት መልእክተኛ) መጠን መውረድ ሰውየው ለኢንፌክሽን ተጋለጠ ማለት አይደለም፤ በአይጥ የታየም በታማሚ ላይ ታየ ማለት አይደለም። «የድብርት ክኒን የሴቶችን መከላከያ ያዳክማል» የሚል ርእስ ያነበበች ታማሚ መድኃኒቷን በአንድ ቀን ልታቋርጥ ትችላለች። ድንገት ማቋረጥ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና መረበሽ ሊያመጣ ይችላል፤ ድብርቱም ሊመለስ ይችላል። መቀነስ ካስፈለገ ከሐኪሟ ጋር ቀስ በቀስ መሆኑን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አስፍሩላት።